«ኢማንህ ደክሞ ነው» ብለን የመለስናቸው



ባለፈው ረመዷን አንድ ምሽት ከተራዊሕ በኋላ አንድ ወንድም ሰዉ ወጥቶ እስኪያልቅ ምሰሶ ተደግፎ ጠበቀን። እናውቀዋለን። ቤተሰቡ በ2010 ከሶማሌ ክልል ተፈናቅሎ ወደ ጭሮ የመጣ ነው። በኋላ እሱ ራሱ በተህሪብ ወጣ፤ በጅቡቲና በየመን አድርጎ የሳዑዲ ድንበር ደረሰ። እዚያ ያየውን እዚህ አንጽፈውም። ሲመለስ ሌሊት የማይተኛ፣ ቀን የማያወራ ሰው ሆኖ ነበር። ያኔም ወደ እኛ መጥቶ ነበር። «ኡስታዝ፣ ዓይኔን ስጨፍን ይመጡብኛል» አለን። እኛስ ምን አልነው? «ኢማንህ ደክሞ ነው።» ፈጅርን በጀመዓ ስገድ፣ የመኝታ ዚክር አትተው፣ ያለፈውን እርሳ አልነው። ሲብስበት ደግሞ ራሳችን መንገድ አሳይተን ሩቃ አደርጋለሁ ወደሚል ሰው ላክነው። ሰውየው «ጂኒው ይናገር» እያለ በጎማ ገረፈው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት መስጂድ አልገባም።

ያን ምሽት ሊወቅሰን የመጣ መስሎን ነበር። አልወቀሰንም። አዳማ የምትኖር አክስቱ ወስዳው፣ በግል ከሚሠራ አማካሪ ጋር አሥራ አራት ጊዜ ተቀምጦ፣ አሁን እንደሚተኛ ሊነግረን ነው የመጣው። ሊሄድ ሲነሳ ግን አንድ ነገር አለን። «ኡስታዝ፣ ዚክሩን ትቼው አላውቅም ነበር። ዓይኔን አፍጥጬ እስኪነጋ እል ነበር። እናንተ ግን አልጠየቃችሁኝም።»

ወላሂ አልጠየቅነውም። ይህን የምንጽፈው በእሱ ፈቃድ ነው፤ ማንነቱን የሚጠቁመውን ሁሉ አውጥተናል። እኛ ሐኪሞች አይደለንም። የመስጂድ አገልጋዮች ነን፤ ኢማማችን ሲታመሙ እናሰግዳለን፣ ከሰዓት ልጆች እናስቀራለን። ነገር ግን አንድን ወንድም በአንዲት ዓረፍተ ነገር ከሕክምና ያራቅን እኛ ስለሆንን፣ ቢያንስ በሩ ወዴት እንደሆነ መናገር ዕዳ አለብን። ከእሱ የሰማነውን፣ ባለሙያዎችን ጠይቀን የተረዳነውን እናካፍላችሁ።

መጀመሪያ ግን በሰፈራችን ሲነገር የምንሰማውን ንግግር እናንሳ። «ሙስሊም ትራውማ የለውም፤ ይህ የፈረንጅ ወሬ ነው።» ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። እኛም ብለነዋል። ግን ምዕራብ ሐረርጌ ላይ ቆሞ ይህን ማለት ዓይን ጨፍኖ ማለት ነው።

እስቲ እንቁጠር። በ2010 መስከረም ወር ጀምሮ ከሶማሌ ክልል የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በጭነት መኪና ሲመጡ አይተናል፤ እናቶች ሕፃን ታቅፈው፣ አባቶች ባዶ እጃቸውን። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በዞናችን በሐዊ ጉዲናና በዳሮ ለቡ በአራት ቀን ውስጥ 61 ሰው መገደሉን የክልሉ መንግሥት ራሱ ተናግሯል። ከኦሮሞም ከሶማሌም ናቸው። አብዛኞቹ ወደ አንድ ቂብላ የሚሰግዱ ነበሩ። ከዚያ በፊት፣ በ2006 ኅዳር ሳዑዲ በጅምላ ማባረር ስትጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። የኛ ልጆችም አሉበት። በ2015 ነሐሴ ደግሞ ሂዩማን ራይትስ ዎች የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በየመን በኩል በሚሻገሩ ስደተኞች ላይ በከባድ መሣሪያ ጭምር መተኮሳቸውን፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ መገደላቸውን በሪፖርቱ አውጥቷል። የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አስተባብሏል። ከጭሮ፣ ከሂርና፣ ከበዴሳ፣ ከገለምሶ፣ ከሚኤሶ የወጣ ልጅ የሌለበት ሰፈር የትኛው ነው? የተመለሱትስ ምን ይዘው ነው የተመለሱት ብለን ጠይቀናል?

ትራውማ የሚለው ቃል ዛሬ ቲክቶክ ላይ ረክሷል። ፈተና የወደቀም፣ ፍቅረኛው የተለየችውም «ትራውማ አለብኝ» ይላል። እኛ የምናወራው ስለዚያ አይደለም። ሞትን፣ ድብደባን፣ መደፈርን፣ ቤት ሲቃጠል ያየ ሰው ላይ ስለሚቀረው ነገር ነው። እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር፦ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሁሉ አማካሪ አያስፈልገውም። አብዛኛው ሰው በሳምንታትና በወራት ውስጥ በቤተሰብ፣ በሶላት፣ በሥራ፣ በጎረቤት ራሱን ያገኛል። የሚያሳስበው ከወር በላይ ሲዘልቅና ኑሮን ሲሰብር ነው። ያ ነገር ሳይጠሩት ይመጣል፤ በእንቅልፍ ብቻ ሳይሆን ቀን በቁም። ሰው ያንን ቦታ፣ ያንን መንገድ፣ ያንን ወሬ ይሸሻል። የጫት አይሱዙ ጎማ ሲፈነዳ ሌላው ዞር ብሎ ሲያይ እሱ መሬት ላይ ይተኛል። ልቡ ከሚስቱም ከልጁም ይርቃል፤ ይናደዳል፣ ወይም ምንም አይሰማውም።

በነገራችን ላይ እኛ አገር ይህን የሚሸፍን ሌላ ስም አለ፤ ዱካክ። ጫት ያቋረጠ ሰው ሌሊት ሲቃዥ ዱካክ ነው ይባላል፣ ሰው ይስቃል፣ «ነገ ቅመህ ይለቅሃል» ይባላል። ዱካክ እርግጥ ያለ ነገር ነው። ግን ጫት ሳያቋርጥም በየሌሊቱ አንድ ዓይነት ሕልም የሚያይ፣ ሕልሙም በእውን ያየው ነገር የሆነ ሰው፣ ዱካክ አይደለም ያለበት። እንዲያውም ብዙዎች እንዳይተኙ ብለው ነው ሌሊቱን በምርቃና የሚያነጉት። መተኛት ያስፈራቸዋል። በረንዳ ላይ ሲቅም የሚያድረውን ሁሉ ሱሰኛ ብለን ስንዘልፍ ከመካከላቸው ስንቱ ሕልሙን እየሸሸ እንደሆነ አላህ ይወቀው።

አሁን ወደ ዲናችን እንምጣ፤ ክርክሩ በዲን ስም ስለሆነ መልሱም ከዚያው ይሁን።

ነቢዩላህ የዕቁብ (ዐ.ሰ) በዩሱፍ (ዐ.ሰ) መለየት ካዘኑት ሐዘን የተነሳ ዓይናቸው መንጣቱን ቁርኣን ይነግረናል። ነቢይ ናቸው። ሰብራቸውን አላህ ያወደሰላቸው ናቸው። ልባቸው ያየው ሐዘን አካላቸው ላይ ወጣ። ኢማናቸው ደክሞ ነበር የሚል አለ? ሐሻ!

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድም እንሂድ። አጎታቸው ሐምዛ (ረ.ዐ) ኡሑድ ላይ ተገደሉ፤ ገላቸውም ተቆራረጠ። ገዳዩ ወሕሺ ከዓመታት በኋላ እስልምናን ተቀብሎ ፊታቸው ቀረበ። ተቀበሉት። እስልምናው ትክክል ነው፣ ወንጀሉ ተሰርዟል። ግን ፊቱን ከፊታቸው ማራቅ ይችል እንደሆነ ጠየቁት። ቡኻሪ የዘገቡት ነው። ይህ በሽታ ነበር እያልን አይደለም፤ አላህ ይጠብቀን። የምንለው ይህን ነው፦ ይቅርታ አድርጎም፣ ቀደርን አምኖም፣ የሰው ልጅ ልብ ዓይን ባየው ነገር ሊታመም ይችላል። ይህን ከሳቸው በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ይንገረን።

«የፈረንጅ ፈጠራ ነው» ለሚለው ደግሞ፣ አቡ ዘይድ አል-በልኺ የሚባሉ ዓሊም ነበሩ። ዛሬ አፍጋኒስታን በሚባለው አገር፣ በልኽ አካባቢ ተወልደው በ322 ሂጅራ አረፉ። «መሷሊሑል አብዳን ወል-አንፉስ» የሚል መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ግማሹ ስለ አካል ጤና፣ ግማሹ ስለ ነፍስ ጤና ነው። ሐኪሞች ስለ አካል ብቻ እየጻፉ የነፍስን ነገር መተዋቸው ቅር ብሏቸው ነው የጻፉት። ፍርሃትን፣ ሐዘንን፣ ቁጣን፣ የሚመላለስ ክፉ ሐሳብን አንድ በአንድ ለይተው፣ ሰው ከራሱ ውስጥ በሚያዘጋጀው ሐሳብም ከውጭ በሚሰማው ምክርም እንደሚታከም አስረድተዋል። ያኔ የአውሮፓ ሳይኮሎጂ የት ነበር? ካይሮ ላይ በ1284 እ.ኤ.አ ሱልጣን ቀላዉን ያሠሩት ሆስፒታልም የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ነበረው፤ የሚተዳደረውም በወቅፍ ነበር። ሙስሊሞች ንብረታቸውን ወቅፍ አድርገው የአእምሮ ሕሙማንን ያሳክሙ ነበር። እኛ ዛሬ በጎማ እንገርፋለን።

ሩቃን እያጣጣልን አይደለም፤ እንዳትሳሳቱ። በታመመ ሰው ላይ ቁርኣን መቅራት ሱና ነው፣ እኛም እንቀራለን። ግርፋቱ፣ ሰንሰለቱ፣ ጭሱ፣ «ጂኒው ስሙን ተናገረ» የሚለው ትያትር፣ ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ገንዘብ ነው ሱና ያልሆነው። ታከሙ ያሉን ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። የተሰበረ እግር ላይ ዱዓ አድርገን ወደ ወጌሻም ወደ ሆስፒታልም እንልካለን። የተሰበረ እንቅልፍ ላይ ሲሆን ግን ዱዓ አድርገን እቤቱ እንመልሰዋለን።

እሺ፣ አማካሪው ጋ ስትሄድ ምን ይገጥምሃል? እህቴ፣ ለአንቺም ነው።

ልጁ እንደነገረን፣ ወደ አዳማ ሲሄድ ሁለት ነገር ይፈራ ነበር። አንደኛው «እብድ ተብዬ መርፌ እወጋለሁ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ገና ስገባ ሁሉንም ተናገር ይሉኛል» የሚል። ሁለቱም አልሆኑም። ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ያለበት ክፍል ነው። የመጀመሪያው ቀን መጠያየቅ ነው፦ እንቅልፍህ፣ ምግብህ፣ ሥራህ፣ ከማን ጋር እንደምትኖር፣ ጫት፣ ሲጋራ፣ የጭንቅላት ጉዳት። ስለደረሰብህ ነገር ርዕሱን ብቻ ነው የሚነካው። በግል የሚሠራ አማካሪ ወይም ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝም፤ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪሙ ነው፣ ካስፈለገ ወደ ሳይካትሪስት ይልክሃል። ይህን እወቅ፤ ምክንያቱም መድኃኒት የሚሸጥልህ «አማካሪ» ካጋጠመህ ወጥተህ ሂድ። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዛው የእንቅልፍ ኪኒንም የጓደኛ ምክር ነው እንጂ ሕክምና አይደለም፤ ዲያዜፓምና መሰሎቹ በቀላሉ ጥገኛ ያደርጋሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም አስደንጋጭ ነገር ለደረሰበት ሰው በመጀመሪያው ወር እንዳይሰጡ መክሯል።

አንድ ጥያቄ ይጠይቅሃል፤ አትደንግጥ። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ይልሃል። ይህ ስድብ አይደለም፣ ሐሳቡንም አይተክልብህም። ለሁሉም ይጠየቃል። ካለ፣ አለ በል። ሐራም ስለሆነ ሐሳቡ ራሱ ከኢስላም ያስወጣኛል ብለህ አትደብቅ፤ ሳይጠሩት የመጣ ሐሳብና ድርጊት አንድ አይደሉም፤ ለመዳን ብለህ ስትናገረው ደግሞ መታከምህ ነው። ሐሳቡ ዛሬ ማታ የሚያስፈራህ ደረጃ ከደረሰ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ሰው ቀስቅስ፣ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

ምስጢርም የዚያን ቀን ነው የሚነሳው። ጥሩ አማካሪ የነገርከውን ለማንም እንደማይናገር፣ ከዚህ ውጪ የሚሆነውም የራስህ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት፣ ወይም የሕፃን ደኅንነት አደጋ ላይ ሲወድቅ መሆኑን ሳትጠይቀው ይነግርሃል። ካልነገረህ ጠይቀው። ዋጋውንም አብረህ ጠይቅ፤ በቀጠሮ ስንት፣ ስንት ቀጠሮ ይገመታል፣ ከቀረህ ይከፈላል ወይ። በዚህ ማፈር የለም። ቀጠሮው በአብዛኛው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከአርባ አምስት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ለዚህ ጉዳይ የተሠሩት የታወቁ የሕክምና ዓይነቶች ብዙውን ጊዜ ከስምንት እስከ አሥራ ስድስት ቀጠሮ ይወስዳሉ፤ መከራው ብዙና ተደራራቢ ከሆነ ይረዝማል። በአንድ ቀን አድንሃለሁ የሚል፣ ሩቃ አድራጊም ይሁን ዲግሪ ያለው፣ ያው ነው።

ከዚያ የሚመጡት ሳምንታት ልጁን አሰልችተውት ነበር። «እኔ ልናገር ሄጄ መተንፈስ አስተማረኝ» ብሎ ሳቀ። ረጋ ብሎ ማስወጣት፣ ሲመጣብህ እግርህ መሬት ላይ መሆኑን ማስተዋል፣ በዙሪያህ ያለውን በስም መጥራት፣ የመኝታ ሰዓት ማስተካከል፣ ከዐስር በኋላ ጫትና ቡና ማቆም። ትርጉሙ የገባው ቆይቶ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ከመውረድህ በፊት ገመዱ መታሰር አለበት።

ስለ ገመድ ካነሳን፣ ለስደተኞች ተብሎ የተሠራ አንድ የሕክምና መንገድ አለ። ሕይወትህን ከልደትህ ጀምሮ መሬት ላይ በገመድ ትዘረጋለህ። መልካም ቀን ላይ አበባ፣ ክፉ ቀን ላይ ድንጋይ ታስቀምጣለህ። ከዚያ በየቀጠሮው ቀን በቀን፣ ድንጋይ በድንጋይ እየተራመድክ ትተርካለህ፤ አማካሪው ይጽፋል፣ በሚቀጥለው ያነብልሃል፣ ታርማለህ። መጨረሻ ላይ የሕይወትህ ታሪክ ሙሉ ሆኖ በእጅህ ይሰጥሃል። በኡጋንዳ ናኪቫሌ የስደተኞች መጠለያ የሶማሌና የሩዋንዳ ስደተኞች በዚህ መንገድ ታክመው ብዙዎቹ እንደተሻላቸው በ2008 እ.ኤ.አ በታተመ ጥናት ተመዝግቧል። ያከሟቸው ፈረንጆች እንዳይመስሏችሁ፤ ከዚያው ከመጠለያው ተመርጠው የሠለጠኑ ስደተኞች ናቸው። ስድስት ቀጠሮ ነበር። ዲናችንን የሚጋሩ ጎረቤቶቻችን ላይ የሠራ ነገር ለኛ እንዴት የፈረንጅ ይሆናል?

ሌላ ዓይነት መንገድም አለ፤ አንዱ ያንን ትዝታ ደጋግሞ በመተረክ ነው፣ አንዱ ትዝታው ትቶብህ የሄደውን ሐሳብ በመመርመር («ጓደኛዬን ጥዬው ስለሮጥኩ ገዳዩ እኔ ነኝ» የሚለውን ዓይነት)፣ አንዱ ደግሞ እያስታወስክ ዓይንህን ወዲህና ወዲያ በማንቀሳቀስ ነው። የመጨረሻውን ሰው ሲሰማ አስማት ይመስለዋል። አስማት አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክራቸው አንዱ ነው። የትኛውን እንደሚጠቀም አማካሪህን ጠይቀው። ስሙን ተናግሮ እንዴት እንደሚሠራ ሊያስረዳህ ካልቻለ ያስጠረጥራል።

አሁን ከሁሉ የበለጠ ልትሰማው የሚገባህ። መተረክ ስትጀምር ሊብስብህ ይችላል። ለጥቂት ቀናት፣ ለአንዳንዱ ለሁለት ሦስት ሳምንት፣ ሕልሙ ሊበዛ፣ ቁጣው ሊመለስ ይችላል። እዚህ ላይ «ሕክምናው አሳበደኝ» ብሎ የሚያቋርጥ ሰው አለ። ወንድማችንም አምስተኛው ቀጠሮ ላይ ስልኩን ዘግቶ ጠፍቶ ነበር። ያስመለሰችው አክስቱ ናት፤ የቆሰለ እግር ሲታጠብም ያማል፣ ተነስ አለችው። ቢብስብህ አትጥፋ። ሄደህ «ብሶብኛል» በለው። ፍጥነቱን መቀነስ ሥራው ነው። ስታለቅስም አይደነግጥም። ዝም ብትልም ዝም ብሎ ይጠብቅሃል፤ ወንድማችን አንዱን ቀጠሮ ሙሉውን ዝም ብሎ እንደወጣ ነግሮናል፣ ከፍሎም ነው።

በዚህ መሐል የሚነሱ የፊቅህ ጥያቄዎች አሉ፤ ወጣቶቻችን ይጠይቁናል። «አባቴ ያደረገብኝን ስናገር ጊባ አይሆንም ወይ?» አይሆንም። ሂንድ (ረ.ዐ) ስለ ባሏ ንፍገት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስትናገር ጊባ ነው ብለው አላቋረጧትም። ኢማም ነወዊ በሪያዱ ሷሊሒን ጊባ የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ በደልን ለሚመለከተው መናገርንና እርዳታ መፈለግን አካተዋል።

«አላህ የሸፈነልኝን ልግለጥ?» ትላለች እህታችን፤ ተደፍራ ማለት ነው። እህቴ፣ ስሚን። ሲትር ሰው ለሠራው ወንጀል ነው። አንቺ ምን ሠራሽ? አንቺ ላይ የተሠራውን መናገር ምንም የምትገልጪው ወንጀል የለበትም። ሲትር የሚለውን ቃል የተበደለች ሴት አፍ መለጎሚያ ያደረግነው እኛው ነን፤ አላህ ይቅር ይበለን። ኸልዋን ለምትፈሪ ደግሞ መጀመሪያ ሴት አማካሪ ፈልጊ። ካልተገኘች በሩ መስታወት ያለው፣ ውጪ እናትሽ ወይም እህትሽ የምትቀመጥበት ቦታ ጠይቂ። ይህን መጠየቅ መብትሽ ነው፣ ጥሩ አማካሪ አይቀየምም። ቅር ካለው እሱን ተይው።

«አማካሪው ክርስቲያን ቢሆንስ?» የሚለው ሌላው ነው። በሂጅራ ጊዜ፣ የመካ ሰዎች ሊገድሏቸው ሲፈልጓቸው፣ ነቢዩና አቡ በክር (ረ.ዐ) በበረሃ የመራቸውን መንገደኛ ያውቃሉ? ዐብዱላህ ኢብኑ ኡረይቂጥ ሙስሊም አልነበረም። መንገዱን ያውቅ ነበር፣ አማናም ነበረው። ነፍሳቸውን ሰጡት። ከአማካሪህም የምትፈልገው እነዚህን ሁለቱን ነው። ሶላትህን፣ ዲንህን የሚያከብር ይሁን፤ «ሂጃብሽን ብታወልቂ ይቀልሻል» የሚል፣ ወይም ሃይማኖቱን የሚሰብክ አማካሪ ሥራውን አያውቅም። ሙስሊም አማካሪም ቢሆን በእያንዳንዱ ቀጠሮ ኹጥባ የሚያደርግ ከሆነ ያው ነው። ኹጥባ እኛ ጋ በነፃ አለ። ወሏሁ አዕለም።

ከሃይማኖቱ ይልቅ ስለ ቋንቋው ተጨነቅ። በአፋን ኦሮሞ ያለቀስከውን በአማርኛ ተርጉመህ መናገር ግማሹን ያስቀረዋል። በስልክ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህን ይሁን። ቀጥሎ የትምህርቱን፣ የፈቃዱን። በቴሌግራም «የሕይወት አሠልጣኝ» የሚል ስም ለጥፎ ብር የሚቀበል ሁሉ አማካሪ አይደለም። ማንም አማካሪ ሊነካህ፣ ከቀጠሮ ውጪ ሊያገኝህ፣ ገንዘብ ሊበደርህ፣ ታሪክህን ቪዲዮ ሊቀርጽ አይገባም። «ስምህን ቀይሬ ለሌሎች ትምህርት ይሁን» ቢልህ እንኳ እምቢ ማለት ትችላለህ። (እኛም ይህን ወንድም ሁለት ጊዜ ነው ያስፈቀድነው፤ አንዴ ስንጽፍ፣ አንዴ ጽፈን ስንጨርስ።)

የት ይገኛል? እውነቱን እንናገር፤ በግል የሚሠሩት በአብዛኛው አዲስ አበባና ትልልቅ ከተሞች ናቸው። ከጭሮ አዲስ አበባ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በየሳምንቱ አይኬድም። ስለዚህ መጀመሪያ በአቅራቢያህ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ጠይቅ፤ እዚያ የግል ዋጋ የለም። አቅም ካለህ ደግሞ በስልክና በቪዲዮ የሚሠሩ አሉ፤ አንዱን ወይም ሁለቱን ቀጠሮ በአካል ሄደህ ሌላውን በስልክ መጨረስ ይቻላል።

እዚህ ላይ ነው እኛ የመስጂድ ሰዎች የምንጠየቀው። ለድምፅ ማጉያ በአንድ ጁሙዓ የምናዋጣውን እናውቃለን። አንድ ወንድም እንቅልፍ እንዲያገኝ የስምንት ቀጠሮ ሰደቃ ስጡ ብለን ሚንበር ላይ ወጥተን እናውቃለን? ስሙ ሳይጠራ፣ ደረሰኙ ለኮሚቴው እየመጣ፣ ይቻላል። ቀላዉን ወቅፍ ያደረጉለትን ነገር እኛ «ኢማን ይበቃዋል» ብለን ዘጋነው።

ተዕዚያ ላይ የምናደርገውም ይቁም። የሞት ቤት ገብተን ሟች ፊቱ የተገደለውን ልጅ «እንዴት ነበር? ከየት መጣ ጥይቱ? ወዲያው ሞተ?» እያልን ለሃያኛ ጊዜ እናስተርከዋለን። ይህ ማስተዛዘን አይደለም። ሰውን በትኩሱ አስገድዶ ማስተረክ እንደማይጠቅም፣ አንዳንዱንም እንደሚጎዳ ባለሙያዎች ይናገራሉ። ውሃ አቅርቡለት፣ ምግብ አብሉት፣ እንዲተኛ ቦታ ልቀቁለት፣ ልጆቹን ያዙለት። ሊናገር ከፈለገ ስሙት። ካልፈለገ አብራችሁት ተቀመጡ።

ልጁ አንድ ቀላል ችግር ነበረበት፤ አዳማ መመላለስ ሲከብደው የመጨረሻዎቹን አራት ቀጠሮዎች በስልክ ሊያደርግ ነበር፣ ግን ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፣ እናቱ ሁልጊዜ እዚያው ናት። ሜዳ ላይ፣ ዛፍ ስር ተቀምጦ አደረገው። አንዱን ቀጠሮ ዝናብ አቋረጠበት።

ይህን ሲነግረን ኢማማችን አጠገባችን ነበሩ። ምንም አላሉም። በማግሥቱ ግን የመድረሳውን የኋላ ክፍል፣ አሮጌ ምንጣፍ የምናስቀምጥበትን፣ አስጠረጉት። አሁን አንድ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛና የስልክ ቻርጀር መሰኪያ አለበት። ልጆቹ የሚቀሩት ከዐስር በኋላ ነው፤ ከዙህር እስከ ዐስር ክፍሉ ባዶ ነው። ለእህቶች በሴቶቹ በር በኩል ሌላ መግቢያ አለው። ቁልፉ እኛ ጋ ነው። ለምን እንደፈለጋችሁት አንጠይቅም።